ደብዳቤ የላኩት ንግሥትና ከአምባ የወረዱት እቴጌ

እንግዲህ ቀረብ በሉና አዳምጡኝ፤ ነገሩ ረጅም ነው፣ ረጅም ነገር ደግሞ ተቻኩሎ አይነገርም። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እነግራችኋለሁ፤ የታሪኩ እኩሌታ የተጻፈው ባሕር ተሻግረው በመጡና ባሕር ተሻግረው በተመለሱ ሰዎች እጅ ነውና።

አረርቲ ላይ ቆማችሁ ወደ ሞጆ በኩል ስታዩ ጤፉና ሽምብራው ዐይን እስኪደክም የሚዘረጋው ይህ ሜዳችን፣ ዛሬ ምንጃር ሸንኮራ የምንለው፣ በዚያ ዘመን የፈጠጋር አገር ነበር። በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ፈጠጋር ሲጽፍ ስንዴውንና ገብሱን አንሥቷል፣ የከብቱንም ብዛት አንሥቷል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1399 የተወለዱት በዚሁ በፈጠጋር ነው። ስለዚህ ስለ ነገሥታቱ ቤት ሴቶች የምነግራችሁ በሩቅ ምድር የሆነ ነገር አይምሰላችሁ። ከእነርሱ አንደኛይቱ የዚህ አገር ተወላጅ ሚስት ነበሩ፣ የሁለተኛይቱም ልጅ የወደቁት በዚህ አገር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ባልሆነ ሠርግ ነው። በ1420ዎቹ መጨረሻ የዘርዓ ያዕቆብ ወንድም አፄ ይስሐቅ መልእክተኞች ላኩ፤ መልእክተኞቹም በረሃውንና ባሕሩን አቋርጠው ዛሬ ስፔን ከምንለው አገር፣ ቫሌንሺያ ከምትባል ከተማ፣ ከአራጎኑ ንጉሥ ከአልፎንሶ ፊት ደረሱ። የተነጋገሩትም ስለ ጋብቻ ነበር፤ ከአልፎንሶ ዘመዶች አንዲቱ ዶና ሁዋና ለአፄ ይስሐቅ ትዳር፣ የአልፎንሶ ወንድም ዶን ፔድሮም ከኢትዮጵያ ልዕልት ያግባ ተባለ። አልፎንሶም 13 ጥበበኞችን ወደ ኢትዮጵያ ላከ፤ ከዚያም መንገዱ ዋጣቸው፣ አንድም የደረሰ የለም። በ1450 ለዘርዓ ያዕቆብ በጻፈው ደብዳቤ አልፎንሶ ራሱ ያን አስታውሶ ጻፈ። ሙሽሮቹ ሳይተያዩ ቀሩ፣ ይስሐቅም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሞቱ። ሐሳቡ ግን አልሞተም፤ ከ80 ዓመት በኋላ አንዲት አሮጊት ንግሥት አነሡት። የማወራችሁም ስለ እርሳቸው ነው።

ንግሥት እሌኒ የሐድያው ገዥ የገራድ ማሕመድ ልጅ ነበሩ። በእስልምና ተወልደው በእስልምና አደጉ። ከዚያም የአባታቸው አገርና የዘርዓ ያዕቆብ መንግሥት በጋብቻ ሲታረቁ፣ ወጣቷ ልጅ ከደቡብ ተነሥተው አዋሽን ተሻግረው ወደ ደጋው ወጡ፣ ተጠመቁ፣ ስማቸውም እሌኒ ሆነ። መንገዱን እስቲ አስቡት። የእናት ቤት ከኋላ፣ የማያውቁት ቋንቋ፣ የማያውቁት ጾምና ጸሎት ከፊት፤ መጨረሻው ደግሞ ንጉሡ ሲቆጣ አገር ጸጥ የሚልበት ድንኳን።

ዘርዓ ያዕቆብ ሊቅ ነበሩ፣ መጻሕፍት የጻፉ፣ ሥርዓት ያቆሙ፤ ግን ጽኑ ነበሩ። ጠንቋይ አምላኪ ናችሁ፣ ዙፋን ፈላጊ ናችሁ ተብለው የገዛ ልጆቻቸው ተገርፈዋል። ከሚስቶቻቸው አንዲቱ ጽዮን ሞገሳ፣ ልጃቸውን በእደ ማርያምን ለማንገሥ አሤሩ ተብለው ተደብድበው በዚያው ሞቱ። እሌኒ ይህን ሁሉ በዐይናቸው አዩ፤ አዩና ዝም አሉ። እኔ የእሌኒን ዝምታ ፍርሃት አልለውም፤ ያ ዝምታ እያንዳንዱን ሰው የሚመዝን፣ ጊዜውን የሚጠብቅ ዝምታ ነበር፤ የኋላው ታሪካቸው ይህን ይመሰክራል።

በ1468 ዘርዓ ያዕቆብ ዐረፉና በእደ ማርያም ነገሡ። እናታቸው የሉም፤ በእናት ፋንታ እሌኒን አከበሩ፣ ቀኝ በዓልቴሐት፣ የቀኝ ንግሥት፣ ብለውም ሾሟቸው። እሌኒ ከማህፀናቸው ልጅ አልወጣም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤተ መንግሥቱ እናት እርሳቸው ሆኑ። ከዚያ በእደ ማርያም 10 ዓመት ነግሠው ሞቱ፣ ከዚያም እስክንድር በሕፃንነት ነገሡ፣ ከዚያም እርሳቸው ሲሞቱ ትንሹ ልጅ ዓምደ ጽዮን ለጥቂት ወራት ነገሠ፣ ከዚያም ናዖድ ነገሡ፤ ንጉሥ እየሄደ ንጉሥ ሲመጣ እሌኒ አሉ። አንዳንዴ ከስልጣን ይርቃሉ፣ አንዳንዴ ይመለሳሉ። በመካከሉ ጎጃም ውስጥ መርጡለ ማርያምን አሠሩ፣ በግዕዝም ሁለት የምስጋናና የሃይማኖት መጻሕፍት ደረሱ ተብሎ ባሕር ማዶ ድረስ ተሰማላቸው። ከእስላም ቤት የመጡት ልጅ በግዕዝ መጻሕፍት ደረሱ!

በ1508 አፄ ናዖድ ከአዳል ሱልጣኔት ጋር ሲዋጉ ወደቁ። አልጋው ባዶ ሆነ። ከዚያም እሌኒና የናዖድ ሚስት ናዖድ ሞገሳ ከመኳንንቱ ጋር ተማክረው፣ 12 ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላውን ልብነ ድንግልን አነገሡ፤ አገሩንም ለልጁ እሌኒ ይጠብቁ ጀመር። ያን ጊዜ አርጅተዋል። ያረጀ ሰው ግን ሩቅ ያያል፤ እሌኒም ባሕሩን አዩ።

ምን አዩ? የዘይላው ገዥ ማሕፉዝ በየዓመቱ በዐቢይ ጾም፣ ሰዉ ጾም አዳክሞት ባለበት ወቅት እየጠበቀ፣ ወደ አማራ፣ ወደ ሸዋና ወደዚህ ወደ ፈጠጋር ይዘምት ነበር፤ አልቫሬዝ እንደጻፈው ለ25 ዓመት ያህል። የእኛ አገር ሰው ሁዳዴ ሲገባ ከረኃቡ ይልቅ የፈረስ ኮቴ ይፈራ ነበር ማለት ነው። እሌኒ ይህን ያውቃሉ። ደግሞም ነጋዴ የሚያመጣውን ወሬ ያዳምጣሉ፤ ጠመንጃና መድፍ የሚባል ነገር መምጣቱን፣ ከግብፅና ከቱርክ በኩል ወደ ቀይ ባሕር የሚወርድ ኃይል መኖሩን፣ በሌላ በኩል ደግሞ ፖርቱጋል የምትባል አገር መርከቦቿን እስከ ሕንድ ማድረሷን። በቤተ መንግሥቱም ፔሮ ዳ ኮቪልያ የሚባል ፖርቱጋላዊ አለ፤ በእስክንድር ዘመን መጥቶ ከገባ በኋላ መውጣት ተከልክሎ፣ ርስት ተሰጥቶት፣ ሚስት አግብቶ የቀረ። እሌኒ እርሱን ያህል የመረጃ ምንጭ አጠገባቸው ነበራቸው።

ከዚያም በ1509 ለፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ አስጻፉ። የደብዳቤውን ቃል አልደግምላችሁም፤ ሐሳቡ ግን ይህ ነው። እኛ በምድር ሠራዊት አለን፣ ስንቅም አለን፣ በባሕር ግን ኃይል የለንም፤ እናንተ ደግሞ በባሕር ብርቱዎች ናችሁ፤ ኃይላችንን እናገናኝ። ሲቀጥሉም ልጆቻችንን እናጋባ፣ ወንዱ ለሴቷ፣ ሴቷ ለወንዱ ይሁን አሉ። ያ የቫሌንሺያው የሠርግ ሐሳብ እንደገና ተነሣ ማለት ነው። ከደብዳቤው ጋር ክርስቶስ ከተሰቀለበት ግማደ መስቀል የተወሰደ ነው የተባለ ቁራጭ እንጨት ጨመሩና ማቴዎስ ለሚባል አርመናዊ ነጋዴ ሰጡት።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበልና በዚያው ዓመት በዚያ ማዶ የነበረውን እንይ። የካስቲያዋ ገናና ንግሥት ኢዛቤል በ1504 ሞታ ዘውዱ ለልጇ ለሁዋና ደርሷል። ሁዋና በሕግ የካስቲያ ንግሥት ናት፤ ነገር ግን በዚያው በ1509 አባቷ ፈርዲናንድ አእምሮዋ ታውኳል ብሎ ቶርዴሲያስ በምትባል ከተማ አስገብቶ ዘጋባት። 46 ዓመት፣ እስከ ሞቷ እስከ 1555፣ ከዚያ አልወጣችም። ትንሿ ልጇ ካታሪና ከእናቷ ጋር እዚያው እስር ቤት አደገች። ካታሪናን አትርሷት፣ ትመለሳለች። እንግዲህ የኢዛቤል ልጅ ዘውድ ደፍታ ተዘግታ ሳለ፣ የገራድ ማሕመድ ልጅ ዘውዱን ለሕፃኑ ይዘው ዓለምን በደብዳቤ ይጠሩ ነበር። ሰው በአውሮፓ ንግሥቶች ክብር ሲደነቅ ስሰማ ይህን ባነሣለት ደስ ይለኛል።

ወደ ማቴዎስ እንመለስ። ማቴዎስ ወረደ፣ ባሕር ገባ፣ ሕንድ ደረሰ፤ በ1512 መጨረሻ ጎዋ ላይ የፖርቱጋሎቹ አገረ ገዥ አልቡከርክ ተቀበለው፣ የያዘውንም መስቀል በሰልፍ አከበሩለት። ከዚያ ግን ወደ ሊዝበን የሚወስዱት የመርከብ አለቆች ሰላይ ነህ፣ የቱርክ ሰው ነህ እያሉ አዋረዱት። ዐውሎ ነፋሱ አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው፤ የሰው ጥርጣሬ ግን በየወደቡ ይጠብቀው ነበር። ሆኖም በ1514 ሊዝበን ገባ። የፖርቱጋል ንጉሥ ማኑኤልም መስቀሉን ተቀብሎ አነባ ይባላል፣ ማቴዎስንም በክብር አኖረው፣ መልስ ይዞ የሚሄድ ዱዋርቴ ጋልቫዎ የተባለ ሽማግሌ አምባሳደርም ሾመ። ከዚያም ሽማግሌው በ1517 በቀይ ባሕር ውስጥ ካማራን በተባለች ደሴት ሞተ፣ ማቴዎስም እንደገና ወደ ሕንድ ተመለሰ፣ እንደገናም ጠበቀ። በመጨረሻ በሚያዝያ 1520 የፖርቱጋል መርከቦች ምጽዋ ላይ መልሕቅ ጣሉ። ማቴዎስ የኢትዮጵያን አፈር ረገጠ፤ የደብረ ቢዘን መነኮሳት ሊቀበሉት ወረዱ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ታሞ ሞተ። 11 ዓመት የተሸከመውን መልስ ለእሌኒ በእጁ አላደረሰም።

በእነዚያ 11 ዓመታት ሕፃኑ ልብነ ድንግል አድገዋል። በ1517 ማሕፉዝን ጠብቀው ገጠሙት፤ ገብረ እንድርያስ የተባለ መነኩሴ ከማሕፉዝ ጋር ለብቻ ተጋጥሞ ገደለው። አገሩ እፎይ አለ። ወጣቱ ንጉሥም ከዚህ ወዲያ ባዕድ ምን ያደርግልኛል ያሉ ይመስላል፤ የፖርቱጋሎቹን መልእክተኞች ዛሬ ነገ እያሉ 6 ዓመት አቆዩአቸውና በ1526 አሰናበቷቸው። የእሌኒን ሐሳብ ንጉሡ የተረዱት ዘግይተው ነው። እኔ በልብነ ድንግል አልፈርድም፣ ድል ያየ ወጣት እንዲህ ነው፤ ግን የማሕፉዝ ሞት ጦርነቱን ጨርሶታል ብለው ማሰባቸው አገሩን ብዙ አስከፍሏል።

ንግሥት እሌኒ እንግዶቹ ገና በአገሩ ሳሉ ዐረፉ። አልቫሬዝ ሐዘኑን አይቷል፤ ትልቁም ትንሹም አባታችንም እናታችንም እርሳቸው ነበሩ፣ እርሳቸው ሲሞቱ ሁላችንም ሞትን እያለ ያለቅስ እንደነበረ ጽፏል። ሰዉ የሚመጣውን ያወቀ ይመስላል።

የሞተው ማሕፉዝ ልጅ ነበረው፤ ሴት ልጅ። ስማቸው ድል ወንበራ ይባላል፣ ባቲ ድል ወንበራ። እርሳቸውም ኢማም አህመድን አገቡ፤ እኛ ግራኝ የምንላቸውን። በመጋቢት 1529 ከዚህ ከእኛ አገር ብዙ በማይርቀው በሽምብራ ኩሬ የልብነ ድንግል ሠራዊት ተሰበረ። ከዚያም ኢማሙ ተመልሰው መጡና ዘመቻው ደጋውን ሁሉ አዳረሰ። ድል ወንበራ ከባላቸው አልተለዩም። ወታደሮቹ ሴት ከጦር ጋር መዝመት ልማድ አይደለም፣ ትመለስ ብለው ነበር፤ እርሳቸው ግን አልተመለሱም። ተራራው ሲከብድ ሰዎች ተሸክመው አወጧቸው፣ በዘመቻው መካከልም በ1531 አንድ፣ በ1533 ሌላ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ የመጀመሪያው ስሙ መሐመድ ነበር። አባታቸው በዚህ ምድር የተገደለባቸው ሴት ናቸውና ለምን እንደዘመቱ ማንም ቢጠይቅ መልሱ ሩቅ አይደለም። እርሳቸውም የዚህ አገር ልጅ ናቸው፤ ታሪኩን ስናወራ የአንድን ወገን እናቶች ብቻ እናቶች አናድርግ።

በሌላ በኩል የልብነ ድንግል ሚስት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ነበሩ። ከአምባ ወደ አምባ፣ ከገደል ወደ ገደል ከባላቸው ጋር ሸሹ። መርጡለ ማርያምም፣ ሌሎቹም ቤተ ክርስቲያኖች ተቃጠሉ። የበኩር ልጃቸው ፊቅጦር በጦርነት ሞቱ፤ በ1539 ደግሞ ሌላው ልጃቸው ሚናስ ተማረኩ፣ ከዚያም ባሕር አሻግረው የመን ለነበረው የቱርክ ፓሻ ሰጧቸው። አንዱን ቀብሮ ሌላውን ሳይቀብሩ ማጣት እንዴት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ልብነ ድንግልም አሁን ፖርቱጋሎችን ፈለጉ፤ በ1535 ዦዋዎ ቤርሙዴዝ የሚባለውን ላኩ። እሌኒ በ1509 የጠሩትን እርዳታ ንጉሡ ከ26 ዓመት በኋላ ጠሩት። እርዳታው ሳይደርስ በመስከረም 1540 መጀመሪያ ላይ በደብረ ዳሞ ሞቱ። ልጃቸው ገላውዴዎስ 18 ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር፤ ሸዋ ውስጥ ከጥቂት ተከታዮች ጋር ነገሡ።

ሰብለ ወንጌል ግን በደብረ ዳሞ ላይ ቀሩ። ዛሬ ሴት የማይወጣበት ያ ተራራ፣ ዙሪያውን ገደል፣ ሰው በገመድ ካልተጎተተ የማይደረስበት፤ እቴጌይቱ እዚያ ላይ የባላቸውን መቃብር ይዘው፣ ሴት ልጆቻቸውን ይዘው ተቀመጡ። ጠላት ከታች ከቦ ነበር፤ አምባው ግን አልተሰበረም።

ከዚያም በሐምሌ 1541፣ ክረምቱ ሲጀምር፣ 400 ፖርቱጋላውያን ከምጽዋ ተነሥተው በዝናቡና በጭቃው መድፎቻቸውን እየጎተቱ ወደ ደጋው ወጡ። አለቃቸው የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክርስቶፎር ዳ ጋማ ነው፣ ገና ወጣት። መንገድ የሚመራቸው የባሕሩ ዳርቻ አገር ገዥ፣ ባሕር ነጋሽ ይስሐቅ። ድባርዋ ሲደርሱ እቴጌይቱ በአምባው ላይ መኖራቸውን ሰሙ፤ ከዚያም 100 ያህል ሰዎች ተላኩ፣ ይስሐቅም አብረው ሄዱ። ሰብለ ወንጌልም በገመድና በቅርጫት ከደብረ ዳሞ ወረዱ። ይህን እንዳለ ተቀበሉኝ፤ የንጉሥ ሚስት፣ የንጉሥ እናት፣ የአንድ ዓመት ሐዘን የተሸከሙ ሴት፣ ከእግራቸው በታች ገደል ብቻ እያዩ፣ ሄደው ወደማያውቋቸው ሰዎች እጅ ወረዱ። ባይወርዱስ? ገላውዴዎስ ሩቅ ናቸው፤ 400ውም ሰው ንጉሥ በሌለበት አገር፣ የሚያምነው ሕዝብ ሳያገኝ ይቀር ነበር። የአገሩ ሰው ስንቅ የሰጣቸው፣ መንገድ ያሳያቸው እቴጌይቱ ከእነርሱ ጋር ስለሆኑ ነው።

ድባርዋ ሲገቡ የሆነውን ሚጌል ዴ ካስታኞዞ የተባለ ከዳ ጋማ ወታደሮች አንዱ አይቶ ጽፎታል። ፖርቱጋሎቹ ያላቸውን ጥሩ ልብስ ለብሰው ተሰልፈዋል፤ መድፉ ተተኮሰ፣ ጠመንጃው ተተኮሰ። እቴጌይቱ በበቅሎ ናቸው፤ የበቅሎዋ ጌጥ ምድር ይነካል። ነጭ ስስ ልብስ ለብሰው ከላይ የወርቅ ዘርፍ ያለው ካባ ደርበዋል፤ ፊታቸው ተከናንቦ ዐይናቸው ብቻ ይታያል፣ ከበላያቸውም ድባብ ተይዟል። ያ ታላቅ ባሕር ነጋሽ ይስሐቅ ደግሞ እስከ ወገባቸው ተራቁተው፣ ትከሻቸው ላይ የአውሬ ቆዳ ጣል አድርገው፣ በእግራቸው እየሄዱ የበቅሎዋን ልጓም ይዘዋል። ከዚያም ክርስቶፎር ቀረበ፤ እቴጌይቱም እርሱን ለማክበር ከፊታቸው ጨርቁን ትንሽ ዝቅ አደረጉ። ንግግር ብዙ አላስፈለገም።

ክረምቱን በዚያው ከረሙ። ከዚያም ዝናቡ ሲያቆም ተነሡ፣ እቴጌይቱም ከሴቶቻቸው ጋር አብረው ዘመቱ። ድል ወንበራ በዚያ ሠራዊት፣ ሰብለ ወንጌል በዚህ ሠራዊት፤ ሁለቱም ሴቶች በአንድ ደጋ ላይ ድንኳን ተከሉ። በየካቲት 1542 በአምባ ሰናይት ድል ሆነ። በሚያዝያ በጃርቴ ሁለት ጊዜ ተዋጉ፣ ኢማሙ በጥይት እግራቸው ቆሰለ፣ በሰው ሸክም ከጦር ሜዳ ወጡ። በእነዚህ ጦርነቶች የቆሰለው ሰው የሚመጣው ወደ እቴጌይቱ ድንኳን ነበር፤ እርሳቸውና ሴቶቻቸው ቁስል ያጥባሉ፣ ይጠቀልላሉ፣ የማያውቁትን ቋንቋ የሚያቃስተውን ልጅ ያጽናናሉ። ከዚያም ሁለተኛው ክረምት መጣ፤ ፖርቱጋሎቹ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ በወፍላ ሰፈሩ። ኢማሙ ግን አልተኙም፤ ከየመን 900 ጠመንጃ ያዥና 10 መድፍ መጣላቸው። በነሐሴ 28 ቀን 1542 ወፍላ ላይ የክርስቶፎር ሠራዊት ተሰበረ። እርሱም ክንዱን ቆስሎ ተማረከ፣ አንገቱ ተቀላ።

እቴጌይቱ ከተረፉት ጋር በዝናቡ በሌሊት ሸሹ። የተረፉት 130 አይሞሉም፤ ብዙዎቹም ቁስለኛ ናቸው። ሰሜን በሚባለው አገር አንድ አምባ ላይ አስጠጓቸው፣ አበሏቸው፣ አጽናኗቸው፤ ከዚያም ልጃቸው ገላውዴዎስ ከሸዋ ደረሱ፣ እናትና ልጅም ተገናኙ። የተረፉት ፖርቱጋሎች የአለቃችንን ደም ካልተበቀልን አንሄድም አሉ። ጥቂት ወራት ተዘጋጁና በየካቲት 1543 ጣና አጠገብ ወይና ደጋ ላይ ተጋጠሙ፤ ኢማም አህመድ በጥይት ወደቁ። ጦርነቱ በዚያ ቀን ተበተነ። ድል ወንበራ ከቀሩት ሰዎቻቸው ጋር ሸሹ፣ ረጅሙን መንገድ ዞረው ሐረር ገቡ። ልጃቸው መሐመድ ግን ተማርኮ ቀረ።

አሁን እዚህ ነው እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የምወደው። የሰብለ ወንጌል ልጅ ሚናስ በየመን እስረኛ ነው። የድል ወንበራ ልጅ መሐመድ በደጋው እስረኛ ነው። በቀል በአየሩ የሞላበት ጊዜ ነበር፤ ልጁን መግደል ይቀል ነበር፤ የሚከለክልም አልነበረም። ሁለቱ እናቶች ግን ተላላኩ፤ አንዷ አባቷ የተገደለባት፣ ባሏ የተገደለባት፤ ሌላዪቱ ልጇ የተገደለባት፣ አገሯ የተቃጠለባት። ወሬው በነጋዴና በመልእክተኛ፣ በበረሃና በባሕር ተመላለሰ፣ ከፓሻው ጋርም ስምምነት ተደረገ፤ ከዚያም ሚናስ ባሕር ተሻግረው ወደ እናታቸው፣ መሐመድም ወደ እናቱ ተመለሱ። በ15 ዓመቱ ጦርነት ውስጥ ወንዶቹ እርስ በርሳቸው የተስማሙበት ነገር ቢፈለግ አይገኝም። እናቶቹ የተስማሙበት ይህ አንዱ ነው።

ደም ግን አልደረቀም። ድል ወንበራ በሐረር የኢማሙን እኅት ልጅ አሚር ኑርን አገቡ፤ የጋብቻውም ውል የሟች ባላቸው ደም መመለስ ነበር ይባላል። ኑር የሐረርን ግንብ ያሠሩት ናቸው። በ1559 ጦር አስነሥተው ወደ ፈጠጋር፣ ወደዚህ ወደ እኛ ምድር መጡ። ገላውዴዎስም ሳይዘጋጁ፣ ጥቂት ሰው ይዘው ገጠሟቸው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 27 ነበር፣ በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ሐሙስ። ገላውዴዎስ በዚያ ቀን ወደቁ፤ ራሳቸውን ቆርጠው ሐረር ወሰዱት፤ ከጎናቸው የተዋጉት የድሮ ፖርቱጋሎችም አብረው ሞቱ። መርዶ ለእናት ፈጥኖ አይደርስም፤ ግን ይደርሳል። ሰብለ ወንጌል ፊቅጦርን ከቀበሩ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ገላውዴዎስን አለቀሱ።

ከዚያም ከየመን ያስመለሱት ሚናስ ነገሡ። አስቡት፣ በልውውጡ ባይመለሱ ኖሮ አልጋው ላይ የሚቀመጥ ሰው ለማግኘት ስንት ደም ይፈስ ነበር። ሚናስ ግን 4 ዓመት ብቻ ነገሡ፤ በዘመናቸውም ያ የእቴጌይቱን በቅሎ ልጓም የያዙት ባሕር ነጋሽ ይስሐቅ ሸፈቱባቸው፣ ከቱርኮችም ጋር ወገኑ። በ1563 ሚናስ ሲሞቱ አገሩ እንደገና ሊበታተን ሆነ። አሮጊቷ ሰብለ ወንጌልም ከሠራዊቱ አለቆች ጋር ተቀምጠው የሚናስን ልጅ፣ 13 ዓመት ገደማ የሆነውን የልጅ ልጃቸውን ሠርፀ ድንግልን አነገሡ፤ ልክ እሌኒ ልብነ ድንግልን እንዳነገሡት።

በዚያ ማዶም፣ አትርሷት ያልኋችሁ ካታሪና፣ በእስር ቤት ያደገችው የሁዋና ልጅ፣ የፖርቱጋል ንግሥት ሆና ነበር፤ 400ውን ሰው የላከው የንጉሥ ዦዋዎ ሚስት። ባሏ በ1557 ሲሞት የልጅ ልጇ ሴባስቲያን ገና የ3 ዓመት ሕፃን ስለነበር አገሩን ለእርሱ ጠበቀችለት። ሁለቱ አያቶች፣ አንዷ በሊዝበን አንዷ በኢትዮጵያ፣ አንድ ዓይነት ሥራ ሠሩ። የልጅ ልጆቹ ዕጣ ግን ተለያየ። ሴባስቲያን በ1578 ሞሮኮ ዘምቶ ከሠራዊቱ ጋር በረሃ ላይ ቀረ፣ አገሩም ከ2 ዓመት በኋላ በስፔን ንጉሥ እጅ ወደቀች። ሠርፀ ድንግል በዚያው በ1578 ትግራይ ወጥተው ቱርኮችን ድል አደረጉ፣ ባሕር ነጋሽ ይስሐቅም በዚያ ጦርነት ሞቱ። ሰብለ ወንጌል ይህን ሳያዩ በ1567 ዐርፈው ነበር፤ ያነገሡት ልጅ ግን እስከ 1597 ድረስ 34 ዓመት ነገሡ።